ዋስ ያጣ ሙያ
ለአነስተኛ ነጋዴ የተዘረጋው ድጋፍ እንዴት ይሠራል? የት ላይስ ይሰናከላል?

ከመገናኛ ተነስቶ ወደ አያት የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር መሪ የራሷን ፌርማታ አገኘች። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊትም ቢሆን በዚህ የከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ግንባታ አርፎ አያውቅም። ቤት በሚሠራበት ሰፈር ደግሞ በር፣ መስኮት፣ የአጥር ብረትና የደረጃ መደገፊያ የግድ ይፈለጋሉ። ገበያው አለ፤ ሙያውም አለ። የሚጠፋው በሁለቱ መካከል የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ በርና መስኮት ሠሪ የብር 600,000 ሥራ ተዋዋለ እንበል። አሠሪው 30 በመቶ ቀብድ፣ ማለትም ብር 180,000 ሰጠው። ለብረታ ብረት፣ ለመስተዋትና ለቀለም ብቻ ብር 380,000 ያስፈልገዋል። የጎደለው ብር 200,000 ነው። ሥራውን በሁለት ወር ካስረከበ የሠራተኛና የቤት ኪራይ ከፍሎ ደህና ትርፍ ይቀርለታል። ብር 200,000 ካላገኘ ግን ውሉ ይፈርሳል፤ ቀብዱም ተመላሽ ይሆናል። የብረት ዋጋ በሳምንት ውስጥ በሚለዋወጥበት ገበያ አንድ ወር መዘግየት ማለት ትርፉን አሳልፎ መስጠት ነው። ይህ ሰው ወዴት ይሂድ?

በወረቀት ላይ ሲታይ የሚሄድበት ቦታ አልጠፋም። መንግሥት ለጥቃቅንና አነስተኛ ንግድ ሥራዎች የመጀመሪያውን ብሔራዊ ስትራቴጂ ያወጣው በንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር በኩል በኅዳር ወር 1990 ዓ.ም ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የፌዴራሉ የጥቃቅንና አነስተኛ ንግድ ሥራዎች ልማት ኤጀንሲ በደንብ ቁጥር 33/1990 ተቋቋመ። ከዚያ በፊት በ1988 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ለአነስተኛ ብድር ተቋማት በር ከፍቶ ነበር። አዲስ ብድርና ቁጠባም በ1992 ዓ.ም በከተማችን ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የብድሩ ጣሪያ ብር 5,000 እንደነበር ዛሬ ለሚሰማ ወጣት ነጋዴ ተረት ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቶቹ ስም ደጋግሞ ተለውጧል፤ በወረዳ ደረጃ ለባለጉዳዩ የሚቀርበው አገልግሎት ግን በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው።

“ጥቃቅን” ማን ነው?

ድጋፉን ለማግኘት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። የ1990ው ስትራቴጂ መለኪያው የተከፈለ ካፒታል ብቻ ነበር፤ እስከ ብር 20,000 ጥቃቅን፣ ከዚያ በላይ እስከ ብር 500,000 አነስተኛ ተባለ። በ2003 ዓ.ም የተሻሻለው ስትራቴጂ የሰው ኃይልንና ጠቅላላ ሀብትን ጨመረ። በዚህም መሠረት በኢንዱስትሪ ዘርፍ ቤተሰቡን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ ከብር 100,000 ያልበለጠ ጥቃቅን ሲሆን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ እስከ ብር 1.5 ሚሊዮን የሚደርስ አነስተኛ ነው። ለአገልግሎት ዘርፍ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ብር 50,000 እና ብር 500,000።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚ ትምህርት የማያስፈልገው ቀላል ሂሳብ አለ። በ2003 ዓ.ም ብር 100,000 ወደ 6,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው ብር 100,000 ከ1,000 ዶላር በታች ወረደ። ደህና የብየዳ ማሽን፣ መቁረጫና ኮምፕሬሰር የሰበሰበ ሰው ሳያድግ “አደገ” ሊባል ይችላል። ስለዚህ ወደ ወረዳ የሚሄድ ባለሙያ በየትኛው መለኪያ እንደሚመደብ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል። የተመደበበት ደረጃ በኋላ የሚያገኘውን ሁሉ ይወስናልና።

በወረዳው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ የሚሰጠው ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሥልጠና፣ የብድር ማመቻቸት፣ የመሥሪያ ቦታና የገበያ ትስስር ነው። ኢንተርፕራይዞቹ ጀማሪ፣ ታዳጊና የበቁ እየተባሉ በደረጃ ይከፈላሉ። በተለይ የመሪና የአያት አቅጣጫ ነጋዴ አንድ ነገር ልብ ይበል። በ2013 ዓ.ም ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ሲመሠረት የየካ ምሥራቃዊ ወረዳዎች ወሰን ተቀይሯል። ፋይሉ በየትኛው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ እንዳለ ሳያጣራ ወረፋ የሚይዝ ሰው ቀኑን በከንቱ ይጨርሳል።

ሸድ የማን ነው?

የመሥሪያ ቦታው ወይም በተለምዶ ሸድ የሚባለው፣ ከድጋፎቹ ሁሉ በገንዘብ ሲተመን ትልቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኪራዩ ከገበያው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ልዩነቱ በየወሩ የሚሰጥ ድጎማ ማለት ነው። ታዲያ ሸዱ የመንግሥት ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ፣ በመርህ ደረጃ ለአምስት ዓመት ያህል የሚሰጥ ሆኖ ኢንተርፕራይዙ ሲበቃ ለተከታዩ ይለቃል ተብሎ የታሰበ ነው። ማን ነው ርካሽ ኪራይ ትቶ “በቃሁ” ብሎ የሚወጣው? ድጋፉ ራሱ ላለማደግ ምክንያት ሲሆን ይታያል።

ለደላሎችና ገንዘባቸውን ሥራ ላይ ለማዋል ለሚፈልጉ አንባቢዎች ደግሞ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ለመልቀቂያ ተብሎ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ከሸዱ ጋር ምንም ዓይነት ሕጋዊ መብት አያስተላልፍም። ውሉ የተገባው ከተመዘገበው ኢንተርፕራይዝ ጋር ነው። ቆጠራ በመጣ ቀን ተከራይ ነኝ ባዩ ማሽኑን አንስቶ ይወጣል፤ ገንዘቡን የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም።

ብድሩና ዋሱ

ወደ በርና መስኮት ሠሪው እንመለስ። ሸድ ቢኖረውም ባይኖረውም የሚፈልገው ብር 200,000 ነው። የአነስተኛ ብድር ተቋማት መጀመሪያ ቁጠባ፣ ቀጥሎ ዋስትና ይጠይቃሉ። ዋስትናው የቡድን መተማመኛ፣ የቤት ካርታ፣ የተሽከርካሪ ሊብሬ ወይም ደመወዝተኛ ዋስ ሊሆን ይችላል። በቡድን ሲሆን አንዱ ቢቀር ሌሎቹ ይከፍላሉ፤ ይህም ለአነስተኛ ብድር ይሠራል። መጠኑ ከፍ ሲል ግን ጎረቤት ለጎረቤት መፈረሙን ያቆማል። ደመወዝተኛ ዋስም ቢሆን የደመወዙ መጠን የብድሩን ጣሪያ ይወስነዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ወንድም ያለው ባለሙያ ይበደራል፤ የሌለው ሙያው ምንም ያህል ቢያምር ይቀራል። ብድሩ የሚሰጠው ለሥራው ሳይሆን ለዘመዱ ነው ለማለት ያስደፍራል።

ይህን ቋጠሮ ይፈታል የተባለ ሕግ በ2011 ዓ.ም ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ማሽን፣ የሸቀጥ ክምችትና ገና ያልተሰበሰበ የሽያጭ ገንዘብ ጭምር ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። መብቱም በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይመዘገባል። በአዋጁ መሠረት የብየዳ ማሽኑም የብር 600,000 ውሉም መያዣ መሆን ይችላሉ። ይሁንና ሕግ መፍቀዱና አበዳሪ መድፈሩ ለየቅል ናቸው። አበዳሪው የሚጠይቀው “ማሽኑን ብወርሰው ለማን እሸጠዋለሁ?” የሚለውን ነው። ያገለገለ ማሽን የታወቀ ዋጋና ገበያ እስካላገኘ ድረስ ግምቱ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ውሉም ቢሆን ከግለሰብ ቤት ሠሪ ጋር የተደረገ ከሆነ ክብደቱ ያንሳል።

የባንኮች በር ደግሞ ጠብቦ ከርሟል። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። የሚያበድረው መጠን የተቆጠረበት ባንክ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም። አንድ ትልቅ ደንበኛ ማስተናገድ ሃምሳ ትንንሽ ፋይል ከመክፈት ይቀላል።

ማሽን ለሚፈልግ ሰው የኪራይ ግዢ መንገድ አለ። በልማት ባንክና በካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኩባንያዎች አሠራር ባለሙያው 20 በመቶውን ሲያዋጣ 80 በመቶው ይሸፈንለታል፤ ማሽኑ ራሱ ተከፍሎ እስኪያልቅ የአከራዩ በመሆኑ ሌላ መያዣ አይፈለግም። መልካም ነው። ግን ማሽን ብረት አይገዛም። የመሪው ባለሙያ የጎደለው የሥራ ማስኬጃ ነው። ብዙዎች ማሽን ተቀብለው ጥሬ ዕቃ አጥተው የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ያለ ቤት ካርታ የሚሰጥ ብድር በስልክ መጥቷል። ኢትዮ ቴሌኮምና ዳሸን ባንክ በ2014 ዓ.ም መጨረሻ በቴሌብር የጀመሩት “መላ” እና “እንደኪሴ”፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ “ሚቹ” የሚጠቀሱ ናቸው። አበዳሪው የሚያየው ገንዘቡ በሒሳቡ ውስጥ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ነው። እንግዲህ ሽያጩን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ የሚሰበስብ ነጋዴ ለዚህ ዓይነቱ አበዳሪ የለም ማለት ነው። ሸቀጡን በቀናት ውስጥ ለሚያዞር ባለ ሱቅ ይህ ብድር ያግዘዋል፤ ሁለት ወር ለሚፈጅ የብረት ሥራ ግን ቀኑ አይገጥምም።

ዕቁብ ስንት ያስከፍላል?

መንግሥት ያልዘረጋው፣ ማንም ያልመዘገበው ትልቁ የብድር ድርጅት ዕቁብ ነው። ብዙ ሰው ዕቁብ ወለድ የለውም ይላል። ዕጣ ሲሸጥ ግን ወለድ አለው፤ በሂሳብ ማስላትም ይቻላል።

20 አባላት በወር ብር 10,000 የሚጥሉበት ዕቁብ ቢወሰድ ድምሩ ብር 200,000 ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ለሌላ ሰው ወጣ። በርና መስኮት ሠሪው ቸኩሏልና ዕጣውን በብር 10,000 ገዛ። የራሱንም የመጀመሪያ ወር ብር 10,000 ስለሚጥል በእጁ የሚቀረው ብር 180,000 ሲሆን፣ በሚቀጥሉት 19 ወራት ብር 190,000 ይከፍላል። ይህ በዓመት ወደ 6.6 በመቶ ወለድ ነው። ዕጣውን በብር 20,000 ቢገዛ በእጁ ብር 170,000 ይቀራል፤ ወለዱ በዓመት ወደ 13.7 በመቶ ያሻቅባል። ከዚህ በላይ ለሚጠይቅ ሻጭ እሺ ከማለት በፊት የአበዳሪ ተቋማትን ወለድ ጠይቆ ማነጻጸር ይገባል።

በሌላ በኩል የመጨረሻውን ዕጣ የሚጠብቀው ሰው አበዳሪ ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ መጨረሻ የደረሰው ዕቁብተኛ የተቀበለው ብር ሲጥለው የነበረውን ያህል ብረት አይገዛም ነበር። ስለዚህ ዕቁብ ከኋለኞቹ ለፊተኞቹ ሀብት ያሻግራል። ዕጣውን የሸጠው ሰው የተቀበለው ብር 10,000 ትርፍ ሊመስለው ይችላል፤ ዋጋ በሚንርበት ዓመት ግን ኪሳራውን እንኳ ላይሸፍንለት ይችላል።

ዕድርም በብዙ ሰፈር ከቀብር አልፎ ለአባላቱ ማበደር የጀመረበት ሁኔታ አለ። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመዘገቡት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ለዕቁብተኞች የተሻለ ጎዳና ናቸው፤ ሒሳባቸው ኦዲት ይደረጋል፣ የቆጠበም ወለድ ያገኛል።

ከመሪ ቀና ብሎ ሲታይ ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ሌላ ትምህርት ይዟል። ከባሕር ዛፉ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶችን በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ ወደ ሽመና ለማሻገር የተደረገው ጥረት በአገራችን ከቀደምቶቹ የዚህ ዓይነት ሥራዎች አንዱ ነው። ከሸክሙ የወጡት ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሻርፕና ነጠላ እየሸመኑ ለጎብኚ ይሸጣሉ። እዚያ ሙያም መሥሪያ ቦታም ተገኝቷል። ዕጣ ፈንታውን የያዘው ግን ገዢው ነው፤ ቱሪስት የቀረ ዕለት ሽመናው ይቆማል።

ገዢ ከሌለ ብድር ዕዳ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1997 ዓ.ም ሲጀመር ብሎኬት፣ በርና መስኮት ለማኅበራት እንዲሰጥ መደረጉ ከማንኛውም ብድር በላይ ብዙ ብረት ሠሪ ያቋቋመው ለዚህ ነበር። የኮብልስቶን ሥራም እንዲሁ። ቅድሚያ ክፍያና አንድ ትልቅ ገዢ ስለነበር ባለሙያው ዋስ ፍለጋ አልዞረም። ጉዳቱም ከዚያው መጣ፤ ግንባታው በቀዘቀዘ ቁጥር ሌላ ደንበኛ ያላፈራው ማኅበር አብሮ ቀዘቀዘ።

የመሪው ባለሙያ ታዲያ ምን ይዞ ይቀራል? የተሻለው ስሌት ቀብዱን ከ30 ወደ 50 በመቶ ለማሳደግ መደራደር፣ ሥራውን በሁለት ዙር አስረክቦ በዙር መቀበልና የቀረውን ከዕቁብ መሙላት ይመስላል። ቀብዱ ብር 300,000 ከሆነ የሚጎድለው ብር 80,000 ብቻ ነው፤ ይህንንም በዙር ከከፋፈለው ያንሳል። ዕጣ የሚገዛም ከሆነ አስቀድሞ የዕቁቡን ዳኛና ጸሐፊ ያነጋግር። ገንዘቡን ቀድሞ የሚወስድ ዕቁብተኛ ቀሪውን እንደሚጥል የሚፈርምለት ሰው ይዞ እንዲመጣ ይጠየቃልና። እዚያም ቢሆን ዋስ ያስፈልጋል።