የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ነገሮች የየራሳቸውን ጠባይ ሳይለቁ በአንድነት ሲገናኙ ድብልቅ ይባላሉ። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ድብልቅን በሦስት ክፍል ይመድቡታል። ይህ ትምህርት ለተማሪ ቤት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ለማድ ቤትና ለውኃ እንስራም እጅግ የሚያስፈልግ ነው።

የመጀመሪያው ዘቃጭ ድብልቅ ነው። ጠላ በጋን ውስጥ ሲቈይ አተላው ወደ ታች ይወርዳል፤ የክረምት ድፍርስ ውኃም በእንስራ ሲያድር ጭቃው ከሥር ይረጋል። ቅንጣቶቹ ትልልቅ ስለ ሆኑ ትዕግሥትና ማጥለያ ይለዩአቸዋል።

ሁለተኛው የሟሟ ድብልቅ ነው። ጨው በውኃ ውስጥ ሲሟሟ ቅንጣቱ እጅግ ስለሚረቅ ቢያድር አይዘቅጥም፤ ቢጠለልም በጨርቅ ላይ አይቀርም። መኖሩን ዓይን ሳይሆን ምላስ ይናገራል። ውኃው ሲተን ግን ጨው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በአፋር ምድር በአፍዴራ ጨው የሚመረተውም ጨዋማውን ውኃ ለፀሐይ በማትነን ነው።

ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚቆመው ኮሎይድ ነው። ወተት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ረቂቅ የቅባት ቅንጣቶች በውኃው ውስጥ ተበትነው ብርሃንን ስለሚበትኑ ነጭ ሆኖ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን የዕጣኑ ጢስ ሲያርግ በመስኮት የገባው የፀሐይ ጨረር ጐልቶ መታየቱም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን የብርሃን መበተን አየርላንዳዊው ሊቅ ጆን ቲንዳል (1820–1893 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ስለ መረመረው በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምናገኘው ጥቅም ምንድን ነው? ድብልቁን ያላወቀ ሰው መድኃኒቱን አያውቅም። ድፍርስ ውኃ አድሮ ቢጠራና በንጹሕ ጨርቅ ቢጠለል ጭቃው ብቻ ይለያል፤ በሽታ የሚያመጡ ረቂቃን ተሕዋስያን ግን ይቀራሉ። እነርሱን ለመግደል ውኃውን እስኪንተከተክ ማፍላት ወይም በታዘዘው መጠን የውኃ ማከሚያ መጨመር ይገባል።

የሟሟ ነገር ግን በመፍላትም አይወገድም። ወንጂን በመሰሉ የስምጥ ሸለቆ ስፍራዎች በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለብዙ ዘመን ከዚህ እጅግ አብልጦ የያዘውን መጠጣት የሕፃናትን ጥርስ ያበልዛል፤ አጥንትንም ይጐዳል። እንዲህ ያለውን ውኃ ያፈላች እናት፣ ከውኃው ጥቂት ስለሚተን፣ ፍሎራይዱን ታበዛዋለች እንጂ አትቀንሰውም። ስለዚህ በዚያ አገር የሚኖር ቤተሰብ የጕድጓዱን ውኃ ማስመርመር፣ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናም ውኃ ወይም ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውኃ ለመጠጥ መምረጥ ይገባዋል።

እግዚአብሔር ለሰው አእምሮን የሰጠው ከዓይን የተሰወረውንም እንዲመረምር ነው። ለልጆቻችን ውኃ ስንቀዳ ጠርቷልን ብለን ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ምን ሟምቷል ብለንም እንጠይቅ።