ካሜራውን የሚሸፍነው ብርሃን

የስልክ አምራቾች ስክሪኑ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በምስል ብቻ እንዲሞላ ሲነሡ መጀመሪያ የተጋፈጡት ጥያቄ የፊት ካሜራው የት ይግባ የሚል ነበር። አይፎን ኤክስ በ2017 እ.ኤ.አ. ከስክሪኑ አናት ላይ ቦታ ቆርሶ ሰጠው። ሌሎች ስክሪኑን በትንሽ ክብ ቀዳዳ በሱት። ሦስተኛው መንገድ ካሜራውን ከስክሪኑ ሥር መደበቅ ነው። ኦፖና ሻዎሚ በ2019 ናሙናውን አሳዩ፤ ዜድቲኢ በ2020 አክሰን 20 የተባለውን ስልክ ለገበያ አቀረበ፤ ሳምሰንግም በ2021 በተጣጣፊው ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 3 ውስጥ አስገባው። ካሜራውን መደበቁ ተቻለ። ከላዩ ያለችውን የስክሪን ክፍል ከቀሪው ጋር እኩል ማብራት ግን ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

የእነዚህ ስልኮች ስክሪን ኦሌድ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የራሱን ብርሃን ስለሚሰጥ ከጀርባው ሌላ መብራት አያስፈልገውም። ለዚህም ነው ከሥሩ ሴንሰር ማስቀመጥ የተቻለው። ሆኖም ፒክስሎቹን የሚያዙት ትራንዚስተሮችና የብረት ሽቦዎች ብርሃን ይጋርዳሉ። ካሜራው እንዲያይ መንገድ መክፈት ግድ ነው፤ ቀላሉ ዘዴም ከካሜራው በላይ ያሉትን ፒክስሎች ማሳሳት ነው።

አክሰን 20 ያደረገው ይህንኑ ነበር። የስክሪኑ ዋና ክፍል በአንድ ኢንች ወደ 390 ፒክስል ሲኖረው ከካሜራው በላይ ወደ 200 ገደማ ብቻ ነበር። በቁመትም በወርድም በግማሽ ሲቀነስ የቀረው ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ ያች ክፍል ከጎረቤቷ እኩል እንድትደምቅ እያንዳንዱ ፒክስል አራት እጥፍ ያህል ብርሃን መስጠት አለበት። ካልሰጠ ነጭ ገጽ ሲከፈት ነጠላ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ለብቻዋ ጎልታ ትታያለች።

ዓይናችን በዚህ ጉዳይ ጨካኝ ዳኛ ነው። ብርሃን ቀስ በቀስ ቢደበዝዝ ልብ አንለውም፤ ሁለት ድምቀቶች በጠራ መስመር ሲገናኙ ግን ጥቂት ልዩነት እንኳ አያመልጠንም። አንዳንድ አምራቾች ወሰኑን አደብዝዘው ልዩነቱን በብዙ ፒክስሎች ላይ የሚበትኑት ለዚህ ነው።

ከዚያ የተሻለው መፍትሔ የፒክስሎቹን ቁጥር ሳይቀንሱ መጠናቸውን ማሳነስ ነው። በ2021 የወጡት ሻዎሚ ሚክስ 4 እና አክሰን 30 በካሜራው ላይም በአንድ ኢንች ወደ 400 ፒክስል አስቀመጡ። ሌላው ዘዴ ትራንዚስተሮቹን ከካሜራው ፊት አንሥቶ ወደ ዳር መውሰድና ከፒክስሎቹ ጋር ብርሃን በሚያሳልፍ ሽቦ ማገናኘት ነው። እዚህ ደግሞ አዲስ ችግር ይመጣል። ሽቦዎቹ እኩል አይረዝሙም፤ ረጅሙ ሽቦ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ እስኪያጠራቅም ፒክስሉ ዘግይቶ ይበራል። በደማቅ ነጭ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ፒክስሉ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት በሆነበት ጠቆር ያለ ግራጫ ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ስክሪን ከፋብሪካ ሳይወጣ በተናጠል ይለካል። ባለሙያዎቹ ሥራውን ዲሙራ ይሉታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ወጥ ግራጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በተለያየ ድምቀት ያሳያል፤ ጥራቱ ከፍ ያለ ካሜራ ያነሣዋል፤ ኮምፒውተሩ የትኛው ፒክስል እንዳነሰ፣ የትኛው እንደበለጠ ያሰላል። 100 መስጠት ሲገባው 96 የሰጠው ፒክስል ጥቂት ይጨመርለታል፤ የበለጠው ይቀነስበታል። የማስተካከያው ሰንጠረዥ በስክሪኑ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥና ስክሪኑን የሚነዳው ቺፕ ምስሉን ሁሉ በዚያ እያረመ ያወጣል።

ይህ እርማት ግን ለዘለቄታው አይበቃም። ኦሌድ ባበራ ቁጥር ያረጃል፤ ኤሌክትሪኩ ሲበዛበት እርጅናው ከብርሃኑ ጭማሪ በላይ ይፈጥናል፤ ከቀለማቱም ቀድሞ የሚደክመው ሰማያዊው ነው። ከካሜራው በላይ ያሉት ፒክስሎች ጥቂት ወይም ትንንሽ በመሆናቸው ከጎረቤቶቻቸው አብልጠው ይደክማሉ። አዲስ ሳለ እኩል የነበረው ስክሪን ከጊዜ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። መፍትሔው የፒክስሎቹን የሥራ ጫና እየመዘገቡ የድካማቸውን ያህል መካስ ነው። ካሳው ራሱ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ስለሚጠይቅ፣ ከመጀመሪያው ለፒክስሎቹ መጠባበቂያ አቅም መተው ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የካሜራ ብቻ አይደለም። ከስክሪን ሥር ያለው የብርሃን መለኪያ ሴንሰር የክፍሉን ብርሃን የሚያነበው ከላዩ ያሉት ፒክስሎች ለቅጽበት በሚጠፉበት ጊዜ፣ ወይም የእነሱን ብርሃን አስልቶ በመቀነስ ነው። ስሌቱ ከተዛባ የመላው ስክሪን ድምቀት ያለምክንያት ይዋዥቃል። በብርሃን የሚሠራው የጣት አሻራ ሴንሰርም በነካነው ቁጥር ያችኑ ክብ ቦታ አድምቆ ያበራታል።

ሳምሰንግ በ2025 በዜድ ፎልድ 7 የውስጠኛ ስክሪን ላይ ካሜራውን ወደ ቀዳዳ መልሶታል። ይህ ሽንፈት ሳይሆን የሚዛኑን ክብደት የሚያሳይ ውሳኔ ነው፤ ለዓይን ተብሎ የተጨመረ እያንዳንዱ ፒክስል ከካሜራው ብርሃን ይቀንሳልና። ካሜራው የተደበቀበት ስልክ የሚገዛ ሰው በነጭ ገጽ ብቻ አይርካ። ጠቆር ያለ ግራጫ ምስል ይክፈት፣ ድምቀቱን ዝቅ ያድርግ፣ ከካሜራው በላይ ያለውን ቦታ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ይመልከት፤ ያገለገለ ስልክ ከሆነ ደግሞ ነጩንም ግራጫውንም ይፈትሽ። ካሜራው በእርግጥ ተደብቋል የሚባለው ስክሪኑ አዲስ ሳለም፣ ከዓመታት አገልግሎት በኋላም ሁለቱን ፈተናዎች ሲያልፍ ነው።