ቋንቋቸውን በማያውቅ መምህር ፊት

አንድ መምህር የተማሪዎቹን ቋንቋ ሳያውቅ ክፍል ቢገባ ምን ያደርጋል? ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከእኛ ከእጩ መምህራን መካከል አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለማስተማር የሚመደቡ አሉ። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከመካከላችን አንዱ ስም ሲጠራ ገና ሦስተኛው ስም ላይ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የልጁን ስም አበላሽቶት ኖሯል። ጓደኛችን ተቆጣ፤ ልጆቹም ጸጥ አሉ። ያ ጸጥታ ሳምንቱን ሙሉ አልተፈታም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሌላ አገር ልምድ እንመለከታለን። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በማያሚ ከተማ ኮራል ዌይ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። ከ1959 የኩባ አብዮት በኋላ እጅግ ብዙ ኩባውያን ወደ ማያሚ ተሰደዱ። ከነሱም መካከል በአገራቸው መምህራን የነበሩ ነበሩበት። በ1963 ኮራል ዌይ በፎርድ ፋውንዴሽን የገንዘብ እርዳታ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ማስተማር ሲጀምር ከእነዚህ ስደተኞች አንዳንዶቹ የስፓኒሹን ሥራ ያዙ። ነገር ግን የአገራቸው የምስክር ወረቀት አልበቃቸውም። እንደገና መሠልጠን ነበረባቸው፤ በአገራቸው ክፍል ይመሩ የነበሩ ሰዎች በረዳትነት የጀመሩም አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ልጆቹ ጥዋት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ትምህርት ሌላ መምህር በሁለተኛው ቋንቋ ያጠናክርላቸዋል። በሙዚቃ፣ በሥዕል፣ በስፖርትና በምሳ ሰዓት ሁለቱ ወገኖች ይቀላቀላሉ። ኩባዊው እንግሊዝኛ እንደሚማር ሁሉ አሜሪካዊውም ስፓኒሽ ይማራል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም በየተራው እንግዳ፣ በየተራውም የቤቱ ባለቤት ይሆናል።

ታዲያ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት እንግዳው መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ምን ይሥራ?

አንደኛ፦ ስም ይማር። ከመጽሐፉ በፊት የልጆቹን ስም በትክክል መጥራት ይልመድ። ሲሳሳት ልጁ ራሱ ያርመው። መምህሩ ሲታረም ያየ ልጅ እሱም ሲታረም አያፍርም።

ሁለተኛ፦ በቋንቋው ይጽና። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከተረጎመ ልጆቹ ትርጉሙን እየጠበቁ ዋናውን መስማት ይተዋሉ። ይልቅስ በእጁ፣ በዕቃና በሥዕል ያሳይ። «መጽሐፋችሁን ክፈቱ» ሲል የራሱን ይክፈት። የስፓኒሽ መምህርት ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆማ በየቀኑ «ቡዌናስ ታርዴስ» ብትላቸው ሰላምታ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻቸውም።

ሦስተኛ፦ ዝምታን አይፍራ። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ሕፃን እንኳ ከመናገሩ በፊት ብዙ ወራት ይሰማል። በዚያ ሳምንት ልጁ በመጠቆም፣ በመሣል ወይም ከቦታው በመነሣት ቢመልስ ይበቃል።

አራተኛ፦ ይጠይቅ። የጥዋቱ መምህር ምን አስተማረ? የትኛው ልጅ አሞታል? ልጆቹ ለመውጣት የሚያስፈቅዱት እንዴት ነው? ይህን ሁሉ የሚያውቀው የጎረቤት ክፍል መምህር ነው። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ! ሁለቱ መምህራን ካልተመካከሩ ግን ልጁ ጥዋትና ከሰዓት በኋላ የማይገናኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች የሚማር ያህል ነው።

«ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል» የሚሉ አይጠፉም። በ1968 የቀረበ ጥናት እንዳሳየው ግን የኮራል ዌይ ልጆች በእንግሊዝኛና በሒሳብ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተማሩት ወደ ኋላ አልቀሩም። በዚያው ዓመት አሜሪካ ስለ ሁለት ቋንቋ ትምህርት ሕግ አወጣች። ኮራል ዌይም እስከ ዛሬ በሁለት ቋንቋ ያስተምራል።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ያንኑ ልጅ አስነሣና «ስምህን አስተምረኝ» አለው። ልጁ አለ፤ ጓደኛችን ደገመ፤ አሁንም ተሳሳተ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። በዚህ ጊዜ ግን እሱም አብሮ ሳቀ። በሦስተኛው ሲያገኘው ልጆቹ አጨበጨቡለት፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ ሲጠይቅ እጅ ይወጣ ጀመር።

እኛም የምንመደብበት ቀን እየቀረበ ነው። የትምህርት ዕቅዳችንን አሳምረን ይዘን እንሂድ፤ የመጀመሪያዋን ሳምንት ግን እኛም ተማሪ ሆነን እንግባ።