ጣት የሚያጥፍ፣ ጣት የሚዘረጋ ጓንት

ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ የሰነፈ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚያጣው ገበታውን ነው። እግሩ ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ይታዘዝለታል፤ ከዘራ ተደግፎም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይደርሳል። እጅ ግን ይዘገያል። በግራ እጅ መቁረስ ነውር በሆነበት ቤት ደግሞ አባወራው ለብቻው ሳህን ቀርቦለት በማንኪያ ይበላል፣ ያለዚያ ያጎርሱታል። ጉርሻ አልፎ አልፎ ሲሆን ፍቅር ነው፤ ጠዋት ማታ ሲሆን ግን ያሳፍራል።

ጣቶቹ አልሞቱም። ችግሩ ከላይ ነው፦ አንጎል ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ እጅን የሚያዘው ክፍል ተጎድቷል። መጀመሪያ ላይ እጁ ዝልፍልፍ ይላል። ሳምንታት ሲያልፉ በብዙዎች ላይ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያይሉና ጣቶቹ ይጨበጣሉ፣ አውራ ጣት መዳፍ ውስጥ ይቀበራል፣ ጥፍር ቆዳ ይወጋል። አስታማሚ በሽተኛውን ሲያጥብ የሚቸገረው ያንን ቡጢ ለመክፈት ነው።

ለስላሳው የሮቦት ጓንት የተሠራው ለዚህ እጅ ነው። ሮቦት ሲባል ብረት የሚታየው ሰው ጓንቱን ሲያይ ያዝናል፤ ጨርቅ፣ ጎማና ቀጫጭን ቱቦ ብቻ ነው። በየጣቱ ጀርባ ላይ ከሲሊኮን የተሠራ ባዶ ጣት ይተኛል። የብስክሌት ካላማዳሪያ በአንድ ጎኑ የማይለጠጥ ጨርቅ ተለጥፎበት ቢነፋ፣ የሚለጠጠው ሌላው ጎኑ ብቻ ስለሆነ ወደ ጨርቁ ይቆለመማል፤ የጓንቱም ምሥጢር ይኸው ነው። እንደ ፊኛ ወደ ጎን እንዳያብጥ ዙሪያውን ክር ይጠመጠምበታል። ፓምፑ አየር ሲሞላው ከሥሩ ያለው የበሽተኛው ጣት አብሮ ይታጠፋል። ከብረት የተሠራ መሣሪያ መገጣጠሚያው ከጣት መገጣጠሚያ ጋር ትንሽ ከተዛነፈ ያማል። ጎማው ግን እንደ ጣቱ ቅርጽ ይሆናል።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ማኪበን ፖሊዮ ሽባ ላደረጋት ልጁ በአየር የሚሠራ ጡንቻ ሠርቶ ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ2015 ደግሞ ፓናጊዮቲስ ፖሊጌሪኖስ፣ ኮነር ዋልሽና ባልደረቦቻቸው ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጓንት በአየር ፋንታ ውኃ ይጠቀም ነበር፤ ፓምፑና ባትሪው ወገብ ላይ ይታጠቃል። ከዚያ ወዲህ ከሲንጋፖር እስከ ቻይና ብዙዎች ሠርተዋል። በርካሾቹ ላይ ጭምር የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፦ በጤነኛው እጅ እንቅስቃሴ የሚያነብ ጓንት ይጠለቃል፣ ያ እጅ ሲከፈትና ሲዘጋ የታመመውም ይከተላል።

ገዢ ግን አንድ ጥያቄ አጥብቆ ይጠይቅ፦ ይዘረጋል ወይ? አንዳንዱ ጓንት የሚያጥፈው በጉልበት ነው፤ መዘርጋቱን ለጎማው መለጠጥ ትቶታል። እጁ ዝልፍልፍ ላለ ሰው ይህ ይበቃል። ለተጨበጠ እጅ ግን አየሩን መልሶ እየሳበ ጣቱን የሚከፍት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ለተዘጋ በር ሌላ መዝጊያ መግዛት ነው።

የጓንቱ ጥቅም ብልጠቱ አይደለም፣ አለመሰልቸቱ ነው። አንጎል የጠፋበትን መንገድ የሚተካው በድግግሞሽ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የማገገሚያ ክፍሎችን የቃኘ እ.ኤ.አ. የ2009 ጥናት ግን በአንድ ቀጠሮ የእጅ ተግባር ልምምድ በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ እንደሚደጋገም አገኘ። እንስሳት ላይ በተሠሩት ሙከራዎች ቁጥሩ በመቶዎች ነበር። ጓንቱ ይህን ክፍተት መሙላት ይችላል፣ ባለቤቱ እየሞከረ ከሆነ። ቴሌቪዥን እያየ እጁን ለማሽኑ የሰጠ ሰው መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳዋል እንጂ አንጎሉ ብዙም አይማርም። መጀመሪያ ራሱ ይሞክር፣ የጎደለውን ጓንቱ ይሙላ። የሚለማመድበትም ነገር ከኑሮው ቢሆን ይሻላል፦ ደረቅ እንጀራ በሦስት ጣት ቆንጥሮ መቁረስ፣ ሲኒ ማንሳት፣ የባጃጅ መሪ መጨበጥ።

ሮቦት ሁሉ ተአምር አለመሆኑንም መርሳት የለብንም። በብሪታንያ 770 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት በክንድ ሮቦት የሠለጠኑት ከተለመደው ሕክምና በተለየ እጃቸው ተግባር ላይ እንዳልተሻሻለ አሳይቷል። ያ ሮቦት ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ግዙፍ ማሽን ነው፣ ጓንት አይደለም፤ ቢሆንም ማስታወቂያ አንብቦ ለሚቸኩል ልጓም ነው።

እኔ ግን ጓንቱ ከለንደን ይልቅ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትርጉም አለው ባይ ነኝ። ከባቱ፣ ከመቂ ወይም ከመተሐራ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ለመመላለስ የሚከፈለው የመኪና ብቻ አይደለም፤ የአስታማሚውም የሥራ ቀን አብሮ ይሄዳል። ፊዚዮቴራፒስትም ብዙ የለንም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሞላው ታዲያ ወጌሻና የሶደሬ ፍል ውኃ ነው። ፍል ውኃው የተኮማተረ ጡንቻ ለጊዜው ያላላል፣ አልከራከርም፤ ሙቀት የማይሰማው እጅ ግን ሳያውቀው ይቃጠላል። የሰነፈን ክንድ መጎተት ደግሞ ትከሻን ያወልቃል።

እዚሁ መሥራትስ? ሃርቫርድ ከደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የለስላሳ ሮቦት አሠራር ከነቅርጽ ማውጫው በነፃ ለቋል። ሲሊኮኑ፣ ክሩ፣ ትንሿ ፓምፕና ባትሪው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ቴክኒክ ሲያስተምር ለኖረው ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዓይነት ተቋም ከአቅም በላይ አይደሉም። የሚያስቸግረው ልኩ ነው፤ የገበሬ መዳፍና የጸሐፊ መዳፍ አንድ ጓንት አያጠልቁም። ጓንቱ መብራት ሲጠፋ በባትሪ መሥራትና አቧራ መቻል አለበት፤ የተቀደደች ቱቦም ለብቻዋ የምትቀየር መሆን አለባት። ግፊቱን ፊዚዮቴራፒስቱ ይወስናል። ቤተሰቡ ጓንቱ በወለቀ ቁጥር ቆዳውን ይይ፤ ቅላቱ ቶሎ ካልጠፋ ወይም እጁ ካበጠ ባለሙያው እስኪያየው ድረስ አይጠለቅም።