ዓሣውን ማን ይቀስቅሰው?

ባለፈው ክረምት የአባቴን ዕቃ ቤት ሳጸዳ ከአንድ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ግራጫ ቀለም ያለው ትንሽ ሣጥን አገኘሁ። መጠኑ ከዳዊት መጽሐፍ አይበልጥም። አቧራውን ጠርጌ ባየው ጊዜ ልቤ ደነገጠ፤ የልጅነቴ መጫወቻ ነበርና። አንዳንድ አንባቢ «የልጆች መጫወቻ ደግሞ ምን ይጻፍለታል?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን የመጫወቻ ብቻ አይደለምና እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

ይህ ሣጥን ጌም ቦይ ይባላል። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ነው። የሚሠራው በአራት የባትሪ ድንጋይ ነው። መስታወቱ በአግድም 160፣ በቁመት 144 ነጥቦች ብቻ አሉት፤ ቀለም የለውም፤ ሥዕሉ ሁሉ የሚታየው በአራት ዐይነት ድምቀት ነው። በጀርባው በኩል ካሴት ይገባበታል። በእኛ ሣጥን ውስጥ እንደ ገባ የቀረው ካሴት «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፤ ሊንክስ አዌክኒንግ» የሚባለው፣ በ1993 የወጣው ጨዋታ ነበር። ትርጉሙ «የሊንክ መንቃት» እንደ ማለት ነው።

የዚህ ጨዋታ አጀማመር ለሠራተኛ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። ካዙአኪ ሞሪታ የተባለው የኩባንያው ባለሙያ ሙከራውን የጀመረው ማንም ሳያዝዘው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ነበር። ሌሎችም ባልደረቦቹ እየተጨመሩ ሄዱ፤ በኋላም ታካሺ ቴዙካ መሪ ሆኖ ሥራው መደበኛ ሆነ። ጨዋታው በ1998 ቀለም ተጨምሮበት፣ በ2019 ደግሞ እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጥቷል። የእኛ ግን ያው የመጀመሪያው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሊንክ የሚባል ወጣት በባሕር ሲጓዝ ማዕበል ተነሣ፤ መርከቡም በመብረቅ ተሰባበረች። ውሃው ገፍቶ ኮሆሊንት በምትባል ደሴት ዳርቻ ጣለው። ማሪን የምትባል ልጃገረድ አግኝታው ወደ ቤቷ ወሰደችው። በደሴቲቱ ተራራ ጫፍ ላይ አንድ ግዙፍ እንቁላል አለ፤ በውስጡም «የንፋስ ዓሣ» የሚባለው ተኝቷል። ሊንክ ወደ አገሩ ለመመለስ ስምንት የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከአስፈሪ ዋሻዎች ሰብስቦ ዓሣውን መቀስቀስ አለበት።

ይህን ጨዋታ በ1988 ዓ.ም. ከውጭ አገር የመጣ አጎታችን ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ሰጠን። እኔ 12 ዓመቴ ነበር፤ ወንድም ጋሼ ደግሞ 17። ካሴቱ የሦስት ተጫዋቾችን ስምና ጉዞ ይመዘግባል። በመጀመሪያው መስመር ላይ ወንድም ጋሼ፣ በሁለተኛው ላይ እኔ ስማችንን ጻፍን። መዝገበ ቃላት በጉልበታችን ላይ ዘርግተን እንግሊዝኛውን እየፈታን እንጫወት ነበር።

በደሴቲቱ ሱቅ ውስጥ 980 ሩፒ የሚያወጣ ቀስት አለ። ወንድም ጋሼ ያን ሁሉ ገንዘብ ማጠራቀም ሰለቸውና፣ ባለሱቁ ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት ቀስቱን ይዞ ወጣ። ወዲያው ስሙ ከመዝገቡ ላይ ተፍቆ «ሌባ» የሚል ተተካበት! የደሴቲቱ ሰው ሁሉ በዚያ ስም ይጠራው ጀመር። እኔ እየሳቅሁ መሬት ላይ ተንከባለልሁ።

ከጉዞው እኩሌታ በኋላ ግን ሣቅ የማያሰኝ ነገር መጣ። በአንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ቃል እንዲህ ይላል፤ ደሴቲቱ የዓሣው ሕልም ናት። እርሱ በነቃ ጊዜ ተራራውም፣ መንደሩም፣ ማሪንም አብረው ይጠፋሉ ማለት ነው። እኔ ለዚህ ደንታ አልነበረኝም፤ መጨረሻውን ለማየት ቸኩዬ ዓሣውን ቀሰቀስሁት፤ ለጓደኞቼም «ጨረስሁ!» ብዬ አወራሁ። ወንድም ጋሼ ግን ስምንቱን መሣሪያዎች ሰብስቦ፣ እንቁላሉ ፊት ደርሶ፣ ሣጥኑን ዘጋ። «ፈራህ!» ብዬ ሰደብሁት። ምንም አልመለሰልኝም። ከጥቂት ወር በኋላ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኑሮውም በዚያው ሆነ።

እነሆ አሁን አዲስ ድንጋይ ገዝቼ መሣሪያውን ስከፍት ሦስቱም መስመሮች ባዶ ናቸው። በካሴቱ ውስጥ መዝገቡን የሚጠብቅ ትንሽ ባትሪ አለ፤ እርሱ ካለቀ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። የእኔም ስም፣ የወንድሜም «ሌባ» የለም። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ አዲስ ባትሪ አስበየድሁ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የወንድሜን ስም ጻፍሁና ጉዞውን እንደ ገና ጀመርሁ።

ሁለተኛው ጉዞ እንደ ፊተኛው አልሆነልኝም። መጨረሻውን ዐውቃለሁና ከእያንዳንዱ መንደርተኛ ጋር ቆሜ እነጋገራለሁ። ማሪን በባሕር ዳር ተቀምጣ፣ የባሕር ወፍ ሆና ከውሃው ማዶ ያለውን አገር ለማየት እንደምትመኝ ለሊንክ ትነግረዋለች። በልጅነቴ ይህን ንግግር አዝራሩን እየደቃሁ አልፌው ነበር። አሁን ግን ሣጥኑን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ዝም አልሁ። እንቁላሉ ፊት በደረስሁ ጊዜም እጄ አልታዘዝልህ አለኝ።

በዚያው ማታ ለወንድሜ ስልክ ደወልሁለት፤ በእርሱ ዘንድ ጧት ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን ጊዜ ዓሣውን ለምን ሳትቀሰቅስ ተውኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ቪዛዬ ደርሶ ነበር፤ ለአንተ እንዳይነገርህ ተብሎ ነው። እናታችንን፣ ግቢውን፣ አንተንም ትቼ እንደምሄድ ዐውቅ ነበር። በጨዋታውም ደግሜ ማየት አልፈለግሁም» አለኝ።

ለሠላሳ ዓመት ያህል ፈሪ ነው ብዬ ያሰብሁት ሰው ከእኔ ቀድሞ ነገሩ የገባው ነበር።

«እንግዲህ ጨርስልኝ፤ ግን አትቸኩል» ሲል ጨመረ። ከዚያም ሳቅ ብሎ፣ «ቀስቱንስ?» አለኝ።

«980 ሩፒውን ከፍያለሁ። ስምህ ንጹሕ ነው» አልሁት።

ስምንቱ መሣሪያዎች ተሰሙ፤ ዓሣው ነቃ፤ ደሴቲቱም ከነሰዎቿ ቀስ እያለች ጠፋች። ሊንክ ከመርከቡ በተረፈ እንጨት ላይ በባሕር መካከል ተቀምጦ ቀና ሲል፣ ዓሣው በሰማይ ሲበር አየው፤ ፈገግም አለ።

ትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶች፣ በየቢሮው ወንበር የያዛችሁትም፣ መጨረስ የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ዓሣውም መቀስቀስ አለበት፤ ሊንክም ለዘላለም በሰው ሕልም ውስጥ ሊኖር አይችልም። ዳሩ ግን አንድ መዝገብ «ተዘጋ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ከቤት ወጥታችሁ ሻንጣ ከማንሣታችሁ በፊት፣ በዚያ ፊርማና በዚያ ጉዞ የማን ደሴት እንደሚያልቅ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። እኔ ይህን ለመማር አንድን ጨዋታ ሁለት ጊዜ መጫወት አስፈልጎኛል። ወንድሜ ግን እንቁላሉ ፊት ቆሞ፣ በ17 ዓመቱ ዐውቆት ነበር።