«ይሉኝታ» ምን ማለት ነው?

አንዳንዱን ቃል ሲፈቱት በውስጡ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተጣጥፎ ይገኛል። ከእነዚህም አንዱ «ይሉኝታ» ነው። «ይሉኝ» በሚለው ውስጥ ባለቤቶቹ «እነርሱ» ናቸው፤ ተሳቢው ግን «እኔ» ነው። በመጨረሻ የምትገኘው «ታ» ደግሞ በ«ዝምታ» እና በ«ትዝታ» እንደምናያት ረቂቅ ስም ታወጣለች። ስለዚህ ይሉኝታ ማለት «ሰዎች ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ስም ሆኖ ነው።

እስፓኞሎችም «ኤል ኬ ዲራን» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ምን ይሉ ይሆን» እንደ ማለት ነው። ሆኖም የእነርሱ ቃል በውጭ ያለውን የሰው ወሬ ሲያመለክት፥ የእኛው ሰውን ከውስጥ የሚይዘውን ስሜት ይነግረናል።

ብዙዎች ይሉኝታን ከእፍረት ጋር ያደባልቁታል። በእንጅባራ ገበያ ዋጋ ሲያስቀንስ ቆይቶ ሳይገዛ መሄድ የከበደውን ሰው «ይሉኝታ ያዘው» እንላለን። ሰርቆ የተያዘው ግን አፈረ እንጂ ይሉኝታ ያዘው አይባልም። እፍረት ብዙ ጊዜ ሥራውን ይከተላል፤ ይሉኝታ ይቀድማል።

አገባቡንም እንመልከት። «ይሉኝታ ያለው ሰው» ምስጋና ነው፤ «ይሉኝታ ቢስ» ስድብ ነው፤ «በይሉኝታ ታስሮ ቀረ» ግን ወቀሳ ነው። እንግዲህ ቃሉ በጎነትንም እስራትንም ይዟል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በእንጅባራ ከመካከላችን ብዙዎች አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው። አገውኛ ከኩሽ፥ አማርኛ ከሴም ቋንቋዎች ወገን ስለሆኑ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ድካም አለው። አነጋገሬ ያስቅብኛል ብሎ ጥያቄውን ውጦ የሚወጣ ተማሪ አለ። ይህን ዝምታ ጨዋነት ብለን እናመሰግነዋለን፤ ነገር ግን ጨዋነት ሳይሆን በይሉኝታ መታሰር ነው።

ታዲያ ይሉኝታን ጨርሰን እንጣለው? ከጣልነው በስፍራው የሚገባው «ማን አለብኝነት» ነው። እርሱም ከሙሉ ዐረፍተ ነገር የወጣ ስም ነው፤ በውስጡ ግን «እኔ» እንጂ ሌላ ሰው የለም። የሚሻለው በየጊዜው «የሚሉት እነማን ናቸው? የሚሉትስ እውነት ነው?» ብሎ መመርመር ነው።

ስለዚህ ለመጠየቅ ይሉኝታ አይያዘን፤ በጠየቀው ላይ ለመሳቅ ግን ይያዘን።