የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ግምጃ ቤትና የመሬት ይዞታው

ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የተዘረጋው የሄርማታ ገበያ ከጅማ ከተማ በፊት የነበረ ነው፤ ከተማው ያደገውም በገበያው ዙሪያ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኸርበርት ሉዊስ በ1965 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ በበጋ ወራት ገበያው በደራ ዕለት እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብበት እንደ ነበር ጽፏል። ይሁን እንጂ ሄርማታ የመሸጫና የመግዣ ስፍራ ብቻ አልነበረም። የአንድ አገር በቀል መንግሥት ግምጃ ቤት ዋና ምንጭም ነበር። መንግሥቱ በዚህ ገቢ መሬቱን እንዴት እንዳስጠበቀ፥ በኋላም እንዴት እንዳጣው መመርመር ተገቢ ነው።

የጅማን መንግሥት በ1830 ገደማ ያቋቋመው ቀዳማዊ አባ ጅፋር ነው። ከእርሱ በኋላ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል በየተራ ነገሡ፤ ከ1878 ጀምሮም ዳግማዊ አባ ጅፋር ገዛ። ከሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘ ይህ ነው። ገቢው ከብዙ በኩል ይሰበሰብ ነበር። ከገበያው ቀረጥ ይገኛል፤ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና የአሞሌ ጨው ጭነው ከሚያልፉ ነጋዴዎችም ግብር ይወሰዳል፤ ከንጉሡ እርሻዎችም ምርት ይገባል። ይህ ሀብት ግን የከበደ የሰው ዋጋ ነበረበት። ባሪያ በገበያ ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ የንጉሡንና የባለጠጎችን እርሻ ካለሙት እጆች መካከልም ብዙዎቹ የባሮች ነበሩ። ስለ ጅማ ብልጽግና ሲነገር ይህን መዝለል ታሪኩን ማጉደል ነው።

ገቢውና መሬቱ በአንድ ሥርዓት የተሳሰሩ ነበሩ። የአገሩን ዳር ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይከብበዋል፤ ስሙም ሞጋ ይባላል። በሞጋው ውስጥ የሚያልፉት መንገዶች ኬላ በሚባሉ በሮች ይዘጋሉ። የኬላው ጠባቂ ጠላትን ይከላከላል፤ ነጋዴውንም ይቈጣጠራል። እንግዲህ አንዱ በር የጦር ምሽግም፣ የቀረጥ መቀበያም፣ የይዞታ ወሰንም ነበር ማለት ነው። በውስጥ ደግሞ አገሩ ቆሮ ተብለው በሚጠሩ ወረዳዎች ተከፍሎ፥ በየወረዳው አባ ቆሮ ተሹሞበት ነበር። አባ ቆሮው ንጉሡ የሚሾመውና የሚሽረው ሹም እንጂ ወረዳውን ለራሱ የያዘ ባለርስት አልነበረም። ገበሬውም ርስቱን በግሉ ይይዝ ነበር።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ወደ ጊቤ ሲገሠግሥ፥ ወጣቱ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከመዋጋት ይልቅ መገበርን መረጠ። በየዓመቱ ግብር ሊያገባ፥ በዘመቻም ሊረዳ ተስማማ። በ1894 ወደ ወላይታ፥ በ1897 ወደ ከፋ በተደረጉት ዘመቻዎች የጅማ ጦር ተሰልፏል። በምላሹም የውስጥ አስተዳደሩ ለእርሱ ቀረለት፤ በአጎራባች አገሮች እንደ ሆነውም ገበሬው ለነፍጠኛ በገባርነት አልተመደበም። ስለዚህ ከግምጃ ቤቱ የወጣው ግብር የመሬቱ ቤዛ ሆነ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በሌላ አገር የሆነውን ማነጻጸር ነገሩን ያብራራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች በሰሜን ናይጄሪያ ለእያንዳንዱ አሚር ቤተ ማል የተባለ ግምጃ ቤት አቋቁመው፥ ከተሰበሰበው ግብር የአሚሩ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ በደንብ ወስነው ነበር። የጅማ ውል ግን የቆመው በሁለት ነገሥታት መግባባት ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ውል ተዋዋዮቹ ሲያልፉ ይደክማል።

የሆነውም ይኸው ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር አርጅቶ ሲታመም ሥልጣኑ ለልጅ ልጁ ለአባ ጆቢር ተላለፈ፤ በ1932 ግን የጅማ የውስጥ ነጻነት አከተመና አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት ቀጥተኛ አስተዳደር ሥር ዋለ። ከ1936 እስከ 1941 የኢጣሊያ ወራሪዎች ጅማን የጋላና ሲዳማ ብለው የሰየሙት ግዛት ዋና ከተማ አደረጉ። ከነጻነት በኋላ በ1942 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ፥ የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ 15፣ 10ና 5 ብር አስከፈለ። ግብሩ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሲገባ የኬላው በር ትርጉም አጣ። ባለቤት የሌለው የተባለ መሬትም የመንግሥት ተቈጥሮ ለሹማምንትና ለባለውለታዎች ይሰጥ ጀመር። ለቡና አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በጫካ ጥላ ሥር ያለ ቡና ባለቤት አለው ወይስ የለውም የሚለውን የሚወስነው መዝገብ የያዘው ወገን ነበርና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታም ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚያው አዋጅ መሬቱ የሕዝብ ንብረት ሆነ። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥትም ባለቤትነቱን ለመንግሥትና ለሕዝብ አደረገ። ስለዚህ የዛሬው ገበሬ የመጠቀም መብት አለው፤ መሸጥ ግን አይችልም።

የጅሬን ቤተ መንግሥት ዛሬ የጐብኚዎች ስፍራ ነው፤ ሞጋውም ታርሷል። ጅማ መሬቱን በክንድ ብቻ አልጠበቀም፤ ገቢውን በራሱ መሰብሰብና ከገቢው ስንቱን እንደሚሰጥ መነጋገር እስከ ቻለ ድረስ ጠበቀው። ኬላው ከእጁ በወጣ ጊዜ ግን ወሰኑን የሚያስከብርበት ድምፅም አብሮት ወጣ።